መሃል ሰፋሪ ፍለጋ

ስድብም እንደ ሰው ዘመን ይጥለዋል፤ ዘመን ያነሣዋል። አንዳንዱ ስድብ ድሮ ማዕረግ ነበር። በቅሎ ላይ ተቀምጦ ሲሄድ የኖረ ቃል፣ አንድ ቀን መንግሥት ሲለወጥ ከበቅሎው ያወርዱትና በእግሩ ይሄዳል፤ ከዚያ ያየው ሁሉ ይረግጠዋል። እኛ ባሕር ማዶ፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ የምንኖር ሰዎች ይሄ አይደንቀንም። አገሩ ላይ በጸሐፊ የሚጠበቅ ባለሥልጣን የነበረ ሰው እዚህ ኤርፖርት የሰው ሻንጣ ሲገፋ እያየን፣ አንድ ቃል ከክብሩ ቢወርድ ምን ይገርመናል?

እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የተነሣሁት ግን ስለ አንድ ስድብ ውለታ ነው። አዎ፣ ስድብም ውለታ ይውላል። ልጄን የዳረልኝ ስድብ ነው።

ስድቡ «መሃል ሰፋሪ» ይባላል። የማያውቀው አበሻ ያለ አይመስለኝም። እኔ ቃሉን የለመድኩት በልጅነቴ፣ እናቴ ይዛኝ ከምትሄድበት የቀበሌ ስብሰባ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ወይ ወዲህ ወይ ወዲያ መሆን ነበረበት። ወዲህ የሆነው ያስራል፤ ወዲያ የሆነው ይታሰራል፤ ወዲህም ወዲያም ያልሆነው ደግሞ «መሃል ሰፋሪ» ይባልና ከሁለቱም በኩል ይገላመጣል። አባቴ በሹክሹክታ «ከመሃል ሰፋሪነትስ ጠላትነት ይሻላል፤ ጠላት ቢያንስ ወገን አለው» ይል ነበር። ተረቱም አያግዝም፤ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ነው የሚለው። ዛፍ ሳይወጡ መሬት ላይ መቆም እንደሚቻል የሚናገር ተረት ብፈልግ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ራሴን ላስተዋውቃችሁ። አዜብ እባላለሁ። እንግልውድ ውስጥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ። ባለቤቴ ጌታቸው ታክሲ ይነዳል። አንድ ልጅ አለን፣ ናሆም፤ አውሮራ ተወልዶ አውሮራ ያደገ፣ በአማርኛ ሲጠሩት በእንግሊዝኛ የሚመልስ። ጌታቸው ደግሞ ሰሎሞን የሚባል ጓደኛ ነበረው። «ነበረው» ማለቴ ሰሎሞን ሞቶ አይደለም፤ ተኳርፈው ነው። ካርቱም ላይ አንድ ፍራሽ ተጋርተው የኖሩ፣ ዴንቨርም በአንድ ክረምት የገቡ ሰዎች ናቸው። የሰሎሞን ሚስት ልጃቸውን ሊዲያን ስታምጥ፣ የኮልፋክስን ጎዳና ከዳር እስከ ዳር መብራት እየጣሰ ሆስፒታል ያደረሳት ጌታቸው ነው። እስከ ዛሬ «በሕይወቴ የቅጣት ቲኬት የቆረጠልኝ ፖሊስ ሁሉ ሳይሳሳት አልቀረም፤ ያን ቀን የተቆረጠልኝ ቲኬት ግን ሐቅ ነው» ይላል።

ከዚያ ባንዲራው መጣ።

ዘመኑን ታስታውሱታላችሁ። አገር ቤት ሰው በየአደባባዩ ሲነሣ፣ እኛ ደግሞ በየስልካችን የተነሣንበት ጊዜ ነው። የማኅበራችን አዳራሽ ለእንቁጣጣሽ ሲሰናዳ አንዱ «ኮከብ ያለው ይሰቀል»፣ ሌላው «የለም፣ ልሙጡ ይሰቀል» አለ። ሰሎሞን በአንዱ ወገን፣ ጌታቸው በሌላው። የትኛው በየትኛው እንደነበረ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ወጉ ሳያልቅ እናንተም ለሁለት ትከፈላላችሁ።

በዚያው ሳምንት ታዲያ አንድ የማኅበራችን አባል፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ሞቶብን ነበር። ሬሳው ገና አልተቀበረም። ጩኸቱ አዳራሹን ሲያናውጠው ጋሽ ዘውዴ የሚባሉ ሽማግሌ ከመሃል ተነሡ። ጋሽ ዘውዴ ሆቴል ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ሌክውድ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ብዙ አይናገሩም።

«ልጆቼ፣» አሉ፣ «ባንዲራውን ከመስቀላችን በፊት ወንድማችንን እንቅበረው። ሚስቱ ዘንድ ማን እንደሚውል፣ ልጆቹን ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርስ እንነጋገር።»

«መሃል ሰፋሪ!» አለ ጌታቸው ከአንዱ ጥግ።

«መሃል ሰፋሪ!» አለ ሰሎሞን ከሌላው ጥግ።

በዚያ ቀን ሁለቱ የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይሄው ብቻ ነው።

ጋሽ ዘውዴ ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ «ደህና እደሩ» ብለው ወጡ። ሌክውድ ገቡ፤ ቀሩ። ቀብሩን ያሰናዱት እሳቸው መሆናቸውን ዘግይተን ነው የሰማነው። ማኅበሩ ግን ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁለት ማኅበር ሆነ፤ ሁለት እንቁጣጣሽ፣ ሁለት የገና ግብዣ። ምግብ ቤቱ እንኳን የነሱና የኛ ሆነ። ጌታቸው ሽሮ ሲያምረው የሚበላበትን ቤት የሚመርጠው በሽሮው አልነበረም።

ይሄን ሁሉ ያልሰሙ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ወይ ሰምተው አልገባቸውም።

አንድ ቀን ናሆም ወጥ ቤት ገብቶ ፍሪጁን ተደግፎ ቆመ። «ማም፣ ላገባ ነው» አለ።

«እልል! ማንን?»

«ሊዲያን።»

«የትኛዋን ሊዲያ?»

«የዚያን ሰውዬ ሊዲያን።» አባቷን በስም ለመጥራት ፈርቶ ነው። እኔ እልልታዬን አጉል ቦታ ላይ አቋርጬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ልጄ ፊቴን ዓይቶ «ኢትስ ኦኬ፣ ማም። እምቢ ካሉ ኮርት ሄደን እንፈርማለን» አለኝ፤ መንጃ ፈቃድ እንደሚያሳድስ ሰው ቀለል አድርጎ።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም አባቶች ልጆቹን አልጠሉም። ጌታቸው «ሊዲያማ እኔው እየነዳሁ ያመጣኋት ልጄ ናት» ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወዲያው ደግሞ አንገቱን አቀናና «ሽማግሌ መላክ ወጉ ነው። ግን የኔ ሰዎች የዚያን ሰውዬ ደጅ አይረግጡም» አለ። ሰሎሞንም ለሚስቱ እንዲህ ብሏታል፤ «ልጄን አልከለክልም። የዚያ ወገን ሽማግሌ ግን ቤቴ አይገባም። ሽማግሌ ሳይመጣ ደግሞ ልጄ ወላጅ እንደሌላት ከቤቴ አትወጣም።»

እንግዲህ ፍቱት። ሽማግሌው መሄድ አለበት፤ መግባት የለበትም።

የሊዲያ እናትና እኔ አበሻ ሱቅ ውስጥ፣ ምስር ከተደረደረበት ጀርባ እየተገናኘን እንደ ሰላይ እንንሾካሾካለን። ቄሱን አነሣን፤ አንዱ ቄስ የነሱ፣ ሌላው የኛ ሆነዋል። አንድ ጴንጤ ጎረቤቴን አነሣሁ፤ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ስብሰባ ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ። «እሱማ ፌስቡክ ላይ ላይክ አድርጎ ተገኝቷል!» አለችኝ። ምን ላይክ እንዳደረገ አልጠየቅኳትም። አንድ በአንድ ስንጥል ስንጥል ጨረስን። ከአውሮራ እስከ ዴንቨር ያን ሁሉ አበሻ ይዘን አንድ መሃል ሰፋሪ አጣን! ትናንት እንደ ቆሻሻ የጣልነውን ሰው ዛሬ በሻማ ፈለግነው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔ ደግሞ በመጋቢት ቅዳሜ ማለዳ፣ እርጥቡ በረዶ እየወረደ፣ መኪናዬን አስነሥቼ ወደ ሌክውድ ሄድኩ። ለጌታቸው ሥራ ገባሁ ብዬዋለሁ።

ጋሽ ዘውዴ በሩን ከፍተው አዩኝና ፊታቸው ተለወጠ። «ማን ሞተ?» አሉ።

«ኧረ ማንም አልሞተ፣ ጋሽ ዘውዴ! ልጄ ሊያገባ ነው።»

«ተመስገን! ግቢ እንጂ ምን በረዶ ላይ ያቆምሻል። የደነገጥኩት ለሞት ብቻ ስለምትፈልጉኝ እኮ ነው።»

ሻይ አፍልተው አቀረቡልኝ። እኔም ነገሩን ከእግር እስከ ራሱ ነገርኳቸው። የሁለቱ ሰዎች ስድብ ላይ ስደርስ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ሻያቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«መሃል ሰፋሪ! ልጄ፣ አያቴን በማዕረጋቸው ጠሯቸው እንጂ እኔን መች ሰደቡኝ?»

ያኔ ነው የቃሉን ታሪክ የሰማሁት። ድሮ ንጉሥ ሲዘምት ሰፈሩ በሥርዓት ነበር አሉኝ። ከፊት የሚሄደው ፊታውራሪ፣ በቀኝ ቀኛዝማች፣ በግራ ግራዝማች፣ ከኋላ ደጀን። ከመሃል የንጉሡ ድንኳን ይተከላል፤ በድንኳኑ ዙሪያ የሚሰፍረው ጦር ነው መሃል ሰፋሪ የሚባለው። ንጉሡ ካረፉ በኋላማ ይሄ ጦር አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ «ሚኒስትሮቹ ይውረዱልን» እስከ ማለት ደርሶ፣ አስወርዷል። ሹም ሁሉ በስሙ ይደነግጥ ነበር። «አያቴ በዚያ ስም ይፎክሩበት ነበር፤ ሴቷ አያቴም ውኃ ስትቀዳ ወረፋ አትጠብቅም አሉ፤ ‹የመሃል ሰፋሪ ሚስት ነኝ› ብላ ነው የምታልፈው።»

«ታዲያ እንዴት ስድብ ሆነ?» አልኳቸው።

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «እሱንማ እኔ ስሰደብ አየሁት» አሉ።

በአብዮቱ ጊዜ ወጣት ነበሩ፤ ደሴ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው። አንድ ቀን ማለዳ የጎረቤታቸው ልጅ ተገድሎ መንገድ ላይ ተገኘ። ማልቀስ ተከልክሏል። እሳቸው ግን እናቲቱ ዘንድ ገብተው አብረዋት ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ ከቀበሌው ሹሞች አንዱ በተራው ተገደለ፤ እሱም ሚስትና ልጆች ነበሩት። ጋሽ ዘውዴ እዚያም ሄደው አለቀሱ። በማግሥቱ ካድሬው አስጠራቸው።

«‹ለዚያም ታለቅሳለህ፣ ለዚህም ታለቅሳለህ። አንተ መሃል ሰፋሪ ነህ!› አለኝ። እኔ ሞኙ የገባኝ መስሎኝ ‹አዎ ጓድ፣ አያቴም መሃል ሰፋሪ ነበሩ› አልኩት። በጥፊ አጮለኝ! ‹ፊውዳል!› ብሎ። መታሰሬማ የራሴ ድርሻ ነው፤ ጥፊው ግን የአያቴ ነው።»

እስር ቤትም አልተመቻቸውም። የታሰሩት ወጣቶች «ለቀበሌው ሹም ያለቀሰ» ብለው ራቋቸው። ሲፈቱ ደግሞ ያሰሯቸው ሰዎች ራቋቸው። ያላገለሏቸው ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ አሉኝ፤ የሟቹ ወጣት እናትና የሟቹ ሹም ሚስት። ስንቅ ያቀብሏቸው የነበሩት እነሱ ናቸው፤ በተራ፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ።

እኔ ሳላውቀው እንባዬ ሻዩ ውስጥ ገብቷል። እሳቸው ግን ተነሥተው ካፖርታቸውን እየለበሱ ነበር። «በይ እንሂድ» አሉኝ። «መጀመሪያ ወደ ባልሽ።»

አውሮራ ስንደርስ በሩን የከፈተው ጌታቸው ራሱ ነው። ጋሽ ዘውዴን ሲያይ እጁ መዝጊያው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ጌታቸው፣ ሽማግሌ ቸግሮሃል አሉ። መሃል ሰፋሪ ይሆንሃል?»

ባሌ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። «ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ዘውዴ።»

በትከሻው ያዙና አቀኑት። «ቆይ፣ አትቸኩል። የሰደባችሁኝ ሁለታችሁ ናችሁ። ለአንተ ብቻ ይቅርታ ብሰጥ ‹ወገን ያዘ› ይሉኛል። አብራችሁ ስትመጡ ነው የምሰጣችሁ።»

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ፓርክ ሂል፣ ወደ ሰሎሞን ቤት ተነሡ። ጋሽ ዘውዴ «ከእኔ ጋር የሚገባ የማንም ወገን አይደለም» ብለው አንዱን ከኛ፣ አንዱን ከነሱ መርጠዋል። ሁለቱ አንዳቸው በሌላው መኪና አልገባም ስላሉ ሾፌሯ እኔ ሆንኩ። ከፊት ማን ይቀመጥ በሚለው ላይም ስላልተስማሙ ሦስቱም ከኋላ ተጠቀጠቁ። ጋሽ ዘውዴ፣ ያ ረጅም ሰውነት፣ በኮሮላዬ የኋላ ወንበር መሃል ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደርሶ፣ በግራቸው አንድ ኩርፊያ፣ በቀኛቸው አንድ ኩርፊያ። በመስታወት ሳያቸው ጠቀሱኝ።

የወንድ ልጅ እናት ከሽማግሌ ጋር አትገባም፤ መኪና ውስጥ ቀረሁ። የሊዲያ እናት ግን በጓሮ በር መጥታ ጎትታ ወጥ ቤቷ አስገባችኝ። እዚያ ሊዲያ ግድግዳ ተለጥፋ ጣቶቿን እያፍተለተለች ታዳምጣለች። እኔም አጠገቧ ተለጠፍኩ። እጄን ያዘችኝ፤ እጇ በረዶ ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆሙ። «አንቀመጥም፤ ጉዳይ አለን» አሉ ጋሽ ዘውዴ። «ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

ሰሎሞን ተነሥቶ ፊታቸው ቆመ። የተናገረው ግን ስለ ጋብቻው አልነበረም። «ጋሽ ዘውዴ፣ እርስዎ ቤቴ ይመጣሉ ብዬ አላስብም ነበር። ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ የሰደብኩዎት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ድምፅህን የማይለይ የለም። ለሰርጉ ትዘፍንበታለህ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታው አለ። ግን የሁለት ሰው ነው፤ ነጥዬ አልሰጥም። ያኛውን ካላመጣህልኝ ይዤው እመለሳለሁ።»

ሊዲያ እጄን ጨመቀችው። ልጅቷ ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ ከወጥ ቤቱ በር ብቅ ብላ «ዳዲ፣ ፕሊስ። ጀስት ኮል ሂም» አለች። የሽማግሌ ወግ ሙሽሪት ብቅ እንድትል አይፈቅድም፤ ግን ማንም አልተቆጣም።

ሰሎሞን ስልኩን አወጣና ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙ ድምፁን ከፈተው። ቁጥሩን አልፈለገም፤ በቃሉ ያውቀዋል። ያ ሁሉ ጊዜ ሳይደውል ቁጥሩን በቃሉ ይዞት ኖሯል! አንዴ ጠራ፤ ተነሣ።

«ጌታቸው።»

«እህ።»

«የት ነህ?»

ባሌ «እዚህ… እናንተ ቤት ጥግ ላይ ፓርክ አድርጌያለሁ» አለ።

እኔ ቤት የተውኩት ነው የመሰለኝ። ለካ በታክሲው ከኋላችን ተከትሎ መጥቶ፣ ጥጉ ላይ አቁሞ፣ መጥረጊያው በረዶውን እየጠረገ ተቀምጧል። ሰሎሞን ጫማ ሳያደርግ በካልሲው በረዶው ላይ ወጣ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። በመስኮት ያየሁት ሁለት ሽበታም ሰዎች መንገድ ላይ አንገት ለአንገት ተናንቀው፣ አንደኛው እግሩ ስለቀዘቀዘ ሌላኛው ጫማ ላይ ቆሞ ነው። ጎረቤቶቻቸው ፈረንጆች መጋረጃ ገልጠው ያያሉ። ይዩ።

ይቅርታው ተሰጠ። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ።

ልጆቹ በበጋ ተጋቡ። ስለ ባንዲራው ከተጠየቃችሁ፣ ጌታቸውና ሰሎሞን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ሳሎኔ ውስጥ ተፋጠው ሲሟገቱ አገር ይያዝልኝ ያሰኛሉ። ግን ምሳ ሲቀርብ ይጎራረሳሉ፤ አፍ ሲሞላ ደግሞ ክርክሩ ለጊዜው ይቆማል። ማኅበሮቹም ሁለት እንደሆኑ ናቸው። ለቅሶ ሲሆን ግን ሁለቱም ይመጣሉ፤ ማን እንዳስለመዳቸው ታውቃላችሁ። እኔ በበኩሌ በጸሎቴ ላይ አንድ ልመና ጨምሬያለሁ። «እግዚአብሔር ሆይ፣ መሃል የሚሰፍር አታሳጣን» ስል ጌታቸው ጎኔ ቆሞ «አሜን» ይላል፤ ጮክ ብሎ።

የመልሱ ማግሥት ጋሽ ዘውዴን ወደ ቤታቸው የምሸኘው እኔ ነበርኩ። ተራራው ጥርት ብሎ ይታያል። ያን ቀን ድፍረት አገኘሁና ስመኘው የነበረውን ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ለመሆኑ እውነት ወገን የለዎትም?»

ዞር ብለው ዓይተውኝ ሳቁ። «አዜብ፣ ይሄን ጥያቄ እኮ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ካድሬው ነገረኝ፣ እስረኛው ነገረኝ፣ ባልሽ ነገረኝ፤ የጠየቀኝ ግን አንቺ ነሽ።»

«እና?»

«እንዴታ! አለኝ እንጂ። ያውም የከረረ! እነ ጌታቸውንና እነ ሰሎሞንን ለዘብተኛ የሚያሰኝ። ብቻ ለቅሶ ቤትና ሠርግ ቤት ስገባ ውጭ አስቀምጬው እገባለሁ።» ከዚያ ወገናቸው የትኛው እንደሆነ፣ ከነምክንያቱ፣ ሌክውድ እስክንደርስ ድረስ እጃቸውን እያወራጩ አስረዱኝ። መሪውን ይዤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

የትኛው ነው አላችሁ? እሱንማ ለባሌም አልነገርኩት።